ከጉና እስከ ባሽሎ፦ ጥቂት ሰው ይዞ የመጓዝ ሙያ

ከጉና ተነሥቶ በጋይንት በኩል ወደ ስማዳ ቆላ በእግሩ የሚወርድ ሰው በጥቂት ቀን ውስጥ ብዙ አገር ያያል። ማለዳ በጅብራው ቅጠል ላይ ውርጭ ያየ ዓይን፣ ሰንበት ብሎ ከማሽላ ማሳ ዳር ወፍ የሚጠብቅ ልጅ ያያል። የጉና ጫፍ ከ4100 ሜትር በላይ ነው፤ ባሽሎ ከዓባይ የሚገናኝበት ቆላ ደግሞ ከ1500 ሜትር በታች ይወርዳል። ከፍታ በ1000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ስለሚሞቅ፣ ጉና ላይ ጋቢ ደርቦ የተነሣ መንገደኛ ስማዳ ቆላ ሲደርስ የሚፈልገው ጥላ ብቻ ነው።

በዚህ አገር እንግዳ ይዞ ማለፍ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሙያው የሚጀምረው ደግሞ መንገድ ከማወቅ ሳይሆን ከቁጥር ነው። ስንት ሰው?

በደጋው ጋይንት ብዙው መንደር ያለው ከገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ምንጩ ግን ከአፋፉ ግርጌ። ውኃውን በጀርባቸው አዝለው አቀበቱን የሚወጡት ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። አንዱ ቢጫ ጀሪካን 20 ሊትር ይይዛል። ቀኑን ሙሉ የተጓዘ ሰው ለመጠጥ ብቻ ሦስት አራት ሊትር ይፈልጋል፤ ለወጡ፣ ለሻዩ፣ እግር ለመታጠቢያው ሲታሰብ ለአንድ ሰው ዐሥር ሊትር ብዙ አይደለም። ስድስት እንግዳ ማለት እንግዲህ ሦስት ጀሪካን ነው፤ አንድ ቤት ከጎረቤት ጋር ተረዳድቶ ይችለዋል። ሃያ እንግዳ ማለት ዐሥር ጀሪካን ነው፤ ያ ደግሞ የመንደሩን ሴቶች ግማሽ ቀን ይበላል። ይህን ስሌት ሳይሠራ «ሃያ ሰው ይዤ እመጣለሁ» የሚል አስጎብኚ የሚያሸክመው ሌላውን ሰው መሆኑን ልብ አላለም።

እህሉም እንደዚያው ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የሴፍቲኔት ፕሮግራም ከገባባቸው ወረዳዎች ናቸው። መሬቱ ተዳፋት ነው፤ አፈሩ ታጥቧል፤ ዝናቡ አንዳንድ ዓመት ዘግይቶ ገብቶ ቶሎ ይወጣል። እንግዳ መቀበል ግን ከድህነቱ በላይ ነው፤ የጋይንት ሰው ለዘር ካስቀመጠው ገብስ ቀንሶም ቢሆን እንግዳውን ያበላል። ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቸርነቱ ገደብ ስለሌለው ገደቡን ማበጀት ያለበት እንግዳ አምጪው ነው። ሙያውን የሚያከብር አስጎብኚ እህሉን ከገበያ ገዝቶ፣ በአህያ አስጭኖ፣ ለቤቲቱ እመቤት ያስረክባል፤ የማብሰያዋንም ዋጋ ለብቻ ይከፍላል። ከጎተራ የሚቀነስ ነገር መኖር የለበትም።

የዚህ ዓይነቱ አሠራር የታየው ብዙም ሳይርቅ፣ ከጨጨሆ ማዶ መቄት ውስጥ ነው። «ተስፋ» በሚል ስም የታወቀው የማኅበረሰብ ጉብኝት እዚያ የተጀመረው በ1990ዎቹ አጋማሽ ነው። መቋት ማርያምና ዋጀላን በመሳሰሉ ቦታዎች ገበሬዎች ገደሉ አፋፍ ላይ የእንግዳ ጎጆ ሠሩ፤ ምግቡን የሚያበስለው፣ ጓዙን በአህያ የሚያጓጉዘው፣ ገቢውንም የሚያስተዳድረው የመንደሩ ሰው ሆነ። እንግዳ ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው በእግሩ ያልፍ ነበር፤ ጎጆዎቹ ከሚይዙት በላይ ሰው አይመጣም ነበር። ገደሉን ማደሪያው ያደረገው ጭላዳ ጠዋት ጠዋት ወደ ሜዳው ወጥቶ ሣር ሲግጥ ጎጆው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ማየት ይቻል ነበር። ጋይንት ተመሳሳይ ገደል፣ ተመሳሳይ ጭላዳ፣ ተመሳሳይ ሕዝብ ይዞ ይህ ዕድል አልደረሰውም።

ብዙ ሰው ይዞ በዚህ አገር ማለፍ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ወደ 1860 ዓ.ም. መመለስ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በዚያ ዓመት መግቢያ ደብረ ታቦርን ለቀው፣ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሰባት ቶን ገደማ የሚመዝን ሴባስቶፖል የተባለ መድፍ እያስጎተቱ በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ አመሩ። ድንጋዩን እየፈለጡ፣ ገደሉን እየናዱ፣ የጅዳንና የባሽሎን ሸለቆ ወርደው እየወጡ መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው፤ ስድስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በመንገድ ሥራነቱ የሚያስደንቅ ነው። ሠራዊቱ ያለፈበት ገበሬ ግን ምን በልቶ እንደከረመ ማሰብ ያስፈልጋል። ባላገሩ ብዙ ሰው ከሩቅ ሲመጣ ባየ ቁጥር መጀመሪያ ወደ ጎተራው የሚመለከተው ያለ ምክንያት አይደለም። 

ትንሽ ቡድን ይዞ አስቸጋሪ አገር የማቋረጡ ነገር ሲነሣ በዓለም ስማቸው ከሚጠራ ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። የተወለደው በ1910 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር አዲስ አበባ፣ የእንግሊዝ ሌጋሲዮን ግቢ ውስጥ ነው። በዚያው አቆጣጠር በ1946 እና በ1948 መካከል የዐረቢያን «ሩብ አል ኻሊ» በረሃ ከጥቂት በደዊ ባልንጀሮቹ ጋር በግመል ሁለት ጊዜ አቋረጠ። መንገዱን የሚያውቁት፣ ውኃውን የሚያገኙት፣ ከባላንጣ ጎሣ የሚያስማሙት በደዊዎቹ ነበሩ፤ እሱም ይህን በጻፋቸው መጻሕፍት አልሸሸገም። ዛሬ ኦማን ውስጥ ጥቂት እንግዶችን ይዘው ከሐጀር ተራሮች ወደ ዋሂባ አሸዋ፣ ከአሸዋውም ወደ ባሕሩ ዳርቻ የሚያደርሱ ጉዞዎች አሉ። እዚያ ውኃው በመኪና ይከተላል። ጋይንትና ስማዳ ላይ ውኃው በሰው ጀርባ ነው የሚመጣው፤ ስለዚህ የዐረቢያው አሠራር እንዳለ ሊቀዳ አይችልም።

ወደ እርምጃው እንምጣ። ከባሕር ዳር የተነሣ እንግዳ ከ1800 ሜትር ገደማ ተነሥቶ፣ ቻይናዎች በሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ በአንድ ቀን የላይ ጋይንቷ ከተማ ነፋስ መውጫ ይገባል። ነፋስ መውጫ 3100 ሜትር ግድም ነው። ሰውነት ይህን ያህል ዝላይ አይወድም። ከ3000 ሜትር በላይ የማደሪያው ከፍታ በሌሊት ከ500 ሜትር በላይ እንዳይጨምር የተራራ ሐኪሞች ይመክራሉ፤ ጥንቁቅ አስጎብኚ ስለዚህ የመጀመሪያዋን ሌሊት ደብረ ታቦር፣ ሁለተኛዋን ጉና ግርጌ ያደርጋል። ጫፉን ማየት የፈለገ ቀን ወጥቶ ቀን ይወርዳል እንጂ እዚያ አያድርም። ራሱን ያመመው፣ ያቅለሸለሸው እንግዳ «ደህና ነኝ» ቢልም አይታመንም፤ ብዙዎቹ ይሉኝታ ይይዛቸዋል። መድኃኒቱ መውረድ ነው።

ከቡድኑ ፊት የሚሄደው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚሳሳተው በጉልበቱ ነው። አገሬው ልጅ ነውና አቀበቱ አይከብደውም፤ ይፈጥናል፤ ኋላ ያለው ደግሞ ሊደርስበት ሲል ይደክማል። ጥሩ መሪ ደካማውን ሰው በመጀመሪያው ሰዓት ይለየዋል። «አንተ ደካማ ነህ» አይለውም፤ ከራሱ ቀጥሎ አስከትሎ በዚያ ሰው እርምጃ ይሄዳል። ጠንካራውን ኋላ ያደርገዋል፤ የአህያ ነጂው ደግሞ ከሁሉም ኋላ ይሆናል። እዚህ ላይ አህያ ነጂው ሊከበር ይገባል። ማለዳ ጭነቱን ሲጭን አጠገቡ ቆሞ ማየት ትምህርት ነው፦ ሁለቱን ጓዝ በእጁ አንሥቶ ይመዝናል፣ የከበደውን ቀንሶ ለቀለለው ይጨምራል፣ መጫኛውን በሆዷ ሥር አሳልፎ በጉልበቱ ገፋ አድርጎ ያጠብቃል፣ ከዚያ ጣቱን ከገመዱ ሥር ያስገባል። ጣቱ ካልገባ አህያዋ ትቆስላለች፤ ከላላ ደግሞ ቁልቁለት ላይ ጭነቱ ወደ አንገቷ ይሄዳል። እንግዳው የካሜራውን ባትሪ ረስቶ ጓዙ ይፈታልኝ ሲል ነጂው ለምን ፊቱ እንደሚለወጥ የሚያውቀው ይህን ያየ ሰው ነው።

ወደ ቤት መቅረብም ወግ አለው። ስድስት ሰው ተንጋግቶ ግቢ አይገባም። እንግዶቹ ከአጥሩ ራቅ ብለው ይቆማሉ፤ መሪው ብቻውን ቀረብ ብሎ «ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ፤ ውሻ ያዙልን» ብሎ ይጣራል። እስኪመለስለት ይጠብቃል። የቤቱ እመቤት ወጥተው «እንደምን ዋላችሁ፣ ግቡ ልጆቼ» ካሉ በኋላ ነው ሌላው የሚከተለው። ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ከሆነ፣ ወይም ሁዳዴ ከሆነ፣ እንግዶቹ ቅቤና እንቁላል እንዳይጠይቁ አስቀድሞ ይነገራቸዋል። መንገድ ላይ ቀብር ካጋጠመ ጉዞው ይቆማል፤ ባርኔጣ ይወልቃል፤ ካሜራ ወደ ቦርሳው ይመለሳል። ይህን ሁሉ ነፋስ መውጫ ላይ፣ ጉዞው ሳይጀመር ተቀምጦ ማስረዳት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ይህን ወግ ለአስጎብኚዎች ያወረሰው ማን ነው ከተባለ መልሱ የቆሎ ተማሪ ነው። ጋይንት የድጓው ማስመስከሪያ የቤተልሔም አገር ናት፤ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አባም እዚያው ደቡብ ጎንደር ነው። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋና ከትግራይ ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ሁለትና ሦስት ሆኖ ወደ እነዚህ ጉባኤ ቤቶች የመጣው ተማሪ የትኛው መንደር ውሻ ኃይለኛ እንደሆነ፣ የትኛው ወንዝ በየትኛው ወር እንደሚሞላ ለተከታዩ ሲነግር ኖሯል። ከአንድ ደጅ ላይ ብዙ ሆኖ አለመቆም የእሱ ሕግ ነበር፤ ተማሪዎቹ መንደሩን ተከፋፍለው ይለምናሉ። ዛሬ አስጎብኚ ልሁን የሚል የአካባቢው ወጣት አንድ የሥልጠና ወረቀት ከመያዙ በፊት ከአንድ የድጓ መምህር ጋር ተቀምጦ መንገዱን ቢጠይቅ ብዙ ያተርፋል።

የቤተልሔምን ነገር ካነሣን፣ ከውጭ ሲታይ ክብ የሣር ክዳን በሆነው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጥንታዊው ሕንፃ ተሸሽጎ እንዳለ ለውጭው ዓለም ያስተዋወቀው ቶማስ ፓከንሃም የተባለ እንግሊዛዊ ወጣት ነው፤ መጽሐፉም በ1959 እንደ ፈረንጆቹ ታትሟል። የጋይንት ሰው ግን ዘመናት ሙሉ ሲያስቀድስበት ኖሯል። እንግዳ ይዞ የሚገባ ሰው የሚተርከው ታሪክ በፓከንሃም እንዳይጀምር አደራ ማለት ያስፈልጋል፤ በመሪጌታዎቹ ይጀመር።

ከዚያ በኋላ ያለው ቁልቁለት ነው። ወደ ስማዳ ቆላ የሚወርደው ሰው የሚጎዳው ጉልበቱ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ዱላ፣ አጭር እርምጃ፣ በየጥላው ዕረፍት። መውረድ የሚጀመረው ጎሕ ሲቀድ ነው፤ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ የሸለቆው ድንጋይ ሙቀት መትፋት ይጀምራል። ለወባ አጎበር መያዝ፣ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ቢያንስ ሦስት ሊትር ውኃ መኖሩን ቆጥሮ ማየት ግድ ነው። ደጋ ላይ በልግመኛነት የታማው እንግዳ እዚህ ሲበረታ፣ ጉና ላይ የሮጠው ደግሞ ከዛፍ ሥር ሲዘረጋ ይታያል፤ መሪው በሰልፉ ላይ ያለውን ቦታ እንደገና ያስተካክላል።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ መጣ፤ ሰው ሞተ፣ ቤት ተዘረፈ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ነው። ሰው ወጥቶ መግባቱ በሚያሳስብበት ጊዜ እንግዳ ማምጣት አይታሰብም፤ ማንም ኃላፊነት የሚሰማው አስጎብኚ ይህን ይላል። ሰላም ሲወርድ ግን መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሆቴል አይደለም። አንድ ሰው ያለ እንግዳ መንገዱን በእግሩ ይመለስበት፦ የትኛው ምንጭ ደረቀ፣ የትኛው ቤት ሐዘን ላይ ነው፣ የትኛው ነጂ አህያው ተወስዳበታለች፣ የቤተ ክርስቲያኑ ቁልፍ በማን እጅ ነው። ቁጥሩ ከስድስት አይለፍ። የባሽሎ መሻገሪያ ደግሞ ክረምቱ ወጥቶ ውኃው እስኪጎድል ድረስ በዕቅዱ አይግባ፤ እስከዚያው ጉዞው በስማዳዋ ከተማ በወገዳ ላይ ያብቃ፣ እንግዳውም በመኪና ወደ ደብረ ታቦር ይመለስ።