የፖሊስ መኪና ጉልበቷ የት ነው? «ዘ ብሉዝ ብራዘርስ» ያልነገረን

በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣውን የጆን ላንዲስ «ዘ ብሉዝ ብራዘርስ» ፊልም ያየ ሰው ድልድዩን አይረሳውም። ጄክ ከእስር ቤት ሲወጣ ወንድሙ ኤልዉድ በአሮጌ የፖሊስ መኪና መጥቶ ይቀበለዋል። መኪናዋ ከፖሊስ ጨረታ የተገዛች የ1974 ዶጅ ሞናኮ ነች። ጄክ አልወደዳትም። ኤልዉድ ታዲያ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? እየተከፈተ ባለ ድልድይ ላይ አዘለላትና ያላትን ዘረዘረለት፦ የፖሊስ ሞተር፣ የፖሊስ ጎማ፣ የፖሊስ ሞላና አሞርዛተር።

ትዕይንቱ ያስቃል፤ ዝርዝሩም ውሸት አይደለም። የአሜሪካ አምራቾች ለፖሊስ የሚሸጡትን መኪና በእርግጥ በጠንካራ ዕቃ ይገጥሙት ነበር። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው፦ ፊልሙ «ለከባድ ሥራ የተሠራ» ሲባል ሥራው ምን እንደሆነ አይነግራችሁም። ከድልድዩ በኋላ ተመልካች ይዞት የሚሄደው «ጉልበት ማለት ትልቅ ሞተር ነው» የሚለውን ነው።

ሞተሩስ ትልቅ ነው፤ 440 ኪዩቢክ ኢንች፣ ማለትም 7.2 ሊትር ገደማ። ግን እስቲ ፖሊሱ ቀኑን እንዴት እንደሚያሳልፍ አስቡት። ብዙውን ሰዓት አያባርርም፤ ቆሞ ይጠብቃል። ሞተሩ አይጠፋም፤ መካኒኮች ሚኒሞ በሚሉት ዝቅተኛ ዙር ይሠራል። የመገናኛ ሬዲዮውና የጣሪያ መብራቱ ደግሞ ኤሌክትሪክ ይስባሉ። በዝቅተኛ ዙር ዲናሞው ቀስ ብሎ ስለሚዞር የሚያመነጨው ያንሳል። ተራ ዲናሞ ከሆነ ጉድለቱን ባትሪው እየሸፈነ በመጨረሻ ይወድቃል። ስለዚህ የፖሊስ መኪና በሚኒሞም ብዙ አምፒር የሚሰጥ ዲናሞ ያስፈልገዋል።

ሙቀቱም አለ። መኪና ሲሄድ ነፋሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ሲቆም ግን ሥራው ሁሉ በፋኑ ላይ ይወድቃል። ለዚህ ነው ትልቅ ራዲያተር፣ በብዙዎቹም ላይ ለካምቢዮው ዘይት የተለየ ማቀዝቀዣ የሚገጠመው። ኤልዉድ ስለነዚህ አንድም ቃል አይተነፍስም።

ማባረሩ ሲመጣስ? እዚህም ቢሆን ዋናው ፈተና መሮጡ ሳይሆን ማቆሙ ነው። አብረን እናስላ። ክብደቷ 2,000 ኪሎ ግራም የሆነች መኪና በሰዓት 160 ኪሎ ሜትር ስትበር የእንቅስቃሴ ጉልበቷ 2 ሚሊዮን ጁል ያህል ነው። ስትቆም ከዚህ አብዛኛው ፍሬኑ ላይ ሙቀት ይሆናል። ይህን ያህል ሙቀት 6 ሊትር ገደማ ውሃን ከ20 ዲግሪ ወደ 100 ዲግሪ ያደርሳል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ብትሆን ኖሮ 1.5 ሊትር ብቻ ነበር። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ፖሊስ ደግሞ አንዴ አቁሞ አያበቃም፤ በየመታጠፊያው ይደጋግመዋል። ተራ የፍሬን ሸራ ሲግል መያዙን ይቀንሳል። የፖሊስ ሸራ የሚለየው ሙቀትን በመቋቋሙ ነው።

ይህ የመኪና አፍቃሪዎች ጨዋታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ከጨረታ የወጣ የፖሊስ መኪና የሚገዛ ሰው «ጠንካራ ነች» ብሎ ነው የሚገዛው። ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ላይ ያለው ቁጥር ትንሽ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሞተሩ ሳይነቃነቅ የሠራበት አንድ ሰዓት ቆጣሪው ላይ ዜሮ ነው፤ ሞተሩ ላይ ግን ዜሮ አይደለም። በኋላ ለፖሊስ የተሠሩ አንዳንድ መኪኖች ሞተሩ የሠራበትን ሰዓት ለብቻው የሚቆጥሩትም ለዚህ ነው። ጠንካራ ዕቃ እርጅናን ያዘገያል እንጂ አያስቀረውም።

የሚገርመው፣ ፊልሙ መጨረሻ ላይ ይህን ራሱ ያሳያል። ወንድማማቾቹ ቺካጎ ደርሰው ሲወርዱ መኪናዋ ባለችበት ብትንትኗ ይወጣል። ተመልካች እንደ ቀልድ ይስቃል። ለእኔ ግን ከድልድዩ ዝላይ ይልቅ ለምህንድስና የሚቀርበው ይሄ ነው። ሌላ ጊዜ ፊልም ላይም ሆነ ማስታወቂያ ላይ «ለከባድ ሥራ» ሲባል ብትሰሙ፣ ከሞተሩ በፊት ይህን ጠይቁ፦ ሥራው ምንድን ነው? ስንት ሰዓት? በምን ያህል ሙቀት?