ከአውቶቡሱ ውረዱ፣ ጭሮ ሆጃ አፍልታለች!

የቡናውን ፍሬ ለዓለም ሸጦ ገለባውን ለራሱ ያስቀረ ሕዝብ ተሸውዷል የሚል ካለ፣ ጭሮ ይሂድና አንድ ብርጭቆ ሆጃ ይጠጣ፤ ከዚያ በኋላ እናወራለን። እኔ ጠጥቻለሁ። ጠጥቼም ዝም ማለት አልቻልኩም። ዘመድ ወዳጅ ሰልችቶታል፤ ስሜን ስልካቸው ላይ ሲያዩ የማያነሱም አሉ። ግድ የለም፣ እናንተ ገና አልሰማችሁም!

እስቲ ሐረርጌ ሲነሳ ምን ይመጣላችኋል? ቁልቢ ገብርኤል፣ ጀጎል፣ የአወዳይ ጫት፣ የሐረር ሰንጋ። ጭሮ ደግሞ፣ በዱሮ ስሟ አሰበ ተፈሪ፣ የድሬዳዋና የሐረር መንገደኛ ምሳውን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ረዳቱ «ግቡ፣ ግቡ!» ሲል ተንደርድሮ የሚሳፈርባት ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 326 ኪሎ ሜትር ርቃ፣ ጨርጨር ተራሮች ውስጥ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣ፣ የምዕራብ ሐረርጌ ዋና ከተማ ሆና፣ የምሥራቁ መንገደኛ ሁሉ በደጇ እያለፈ፣ ጠዋት ስትነቃ ያያት አላፊ አግዳሚ የለም። ምሳ ሰዓት ላይ ነዋ የሚደርሰው! ሆጃ ደግሞ የጠዋት ነው። ይኼ ሁሉ ሕዝብ እያለፈ ሳይሰማ የቀረው በዚህ ብቻ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

ስለዚህ እደሩ። እለምናችኋለሁ፣ እደሩ! በማለዳ ተነስታችሁ አንድ ነገር ደርቡ፤ ከሥር ያለችው ሚኤሶ በሙቀት ስትነድ ጭሮ ጠዋት ጠዋት ይበርዳል። ባጃጆቹ ሳይበዙ ወደ ገበያው ውረዱ። አግዳሚ ወንበር ላይ ተጠጋግተው የተቀመጡ ሰዎች፣ ከመሐላቸው የሚጨስ ድስት፣ ከድስቱ ኋላ ደግሞ ሻሿን ያሰረች ሴት ካያችሁ ደርሳችኋል። ምን ልታዘዝ የሚል ሰው አትጠብቁ። «አንተ፣ ና! ቁጭ በል አቦ!» ትላችኋለች። እኔንም አንተ፣ ከጎኔ ያሉትን ጺማቸው የነጣ ሽማግሌም አንተ። ሐረርጌ በአንቱታ ሰው አያርቅም፤ ከአዲስ አበባ ለሄደ ሰው መጀመሪያ ያስደነግጣል፣ ግማሽ ብርጭቆ ሳይጠጣ ግን ይለምደዋል።

አሁን ስለ ራሱ ስለ ሆጃ። የሐረርጌ ቡና አይታጠብም። ቀዩ እሸት እንደተለቀመ ከነሥጋው ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ይገለባበጣል፣ ደርቆ ጀንፈል ይሆናል። ጀንፈሉ ተወቅጦ ወይም መፈልፈያ ገብቶ ፍሬው ለብቻ፣ ገለባው ለብቻ ይወጣል። ፍሬው የሐረር ቡና ተብሎ በጅቡቲ በኩል ባሕር ይሻገራል። የቀረውን ገለባ እኛ ሌላ አገር ያለን ሰዎች ስሙን ስንሰማ ጭድ እንጠብቃለን፤ እሱ ግን የደረቀ ፍራፍሬ ነው፣ ስኳሩ እላዩ ላይ የደረቀ! ቡናው ታጥቦ ቢሆን ኖሮ ይኼ ሥጋ ከውሃው ጋር በሄደ ነበር። የሐረርጌ ገበሬ ቡናውን በፀሐይ ማድረቁ ጨርጨርን ባለሁለት ምርት አድርጓታል፤ አንዱ ይሸጣል፣ አንዱ ይጠጣል።

ባለሆጃዋ ገለባውን መጀመሪያ ምጣድ ላይ አመስ ታደርገዋለች። እንዲያር አይደለም፤ ሽታው እንዲነሳ ብቻ ነው። ከዚያ ድስቱ ውስጥ ጨምራ ውሃ ትሞላበታለች፣ እሳቱን ቀነስ ታደርግና ትተወዋለች። ይንተከተካል። ይንተከተካል። እያያችሁት ውሃው ይቀላል፣ ከዚያ ይጠቁራል፣ የድስቱ ጠርዝ ላይ ቡኒ አረፋ ይሰበሰባል። አጥልላ ወተት ስትጨምርበት መልኩ የሸክላ ይሆናል። በመጨረሻ ጨው! ስኳር የሚፈልግም አለ፣ አትከለክልም፤ ብቻ ፊቷን አየት አድርጉ። በስኒ አይደለም የምትቀዳው፣ በብርጭቆ ነው፣ እስከ አፉ ሞልታ፤ በሁለት እጅ ካልያዛችሁት ያቃጥላል።

የመጀመሪያው ጉንጭ ግራ ያጋባል። ቡና እንዳትሉት አይመርም፣ ሻይ እንዳትሉት ይከብዳል። ሁለተኛው ላይ ጨው ይመጣና ወተቱን ያነሳዋል። ሦስተኛው ላይ ከሥር አንድ ጣፋጭ ነገር ብቅ ይላል፣ የተቆላ ገብስ ውስጥ ዘቢብ የጠፋበት ይመስል። ከዚያ በኋላ መቁጠር አቆማችሁ! ብርጭቆው ባዶ ነው፣ እጃችሁ ራሱ ተዘርግቶ «ድገሚኝ» እያለ ነው፣ ሆዳችሁ ሞቋል፣ ዓይናችሁ ተገልጧል፤ ቡና ያነቃኛል የምትሉ ሰዎች ገለባው ምን እንደሚያደርግ ስላልሞከራችሁት ነው።

እንግዲህ እስካሁን የነገርኳችሁ መጠጡን ነው። አግዳሚ ወንበሩን ገና አልነገርኳችሁም!

አውስትራሊያ ውስጥ ባሕር ዳር ያሉ አንዳንድ ትንንሽ ከተሞች የየራሳቸው የሰፈር ጋዜጣ አላቸው፤ የጠፋ ውሻ፣ የዓሣ አጥማጆች ውድድር፣ የሚሸጥ ጀልባ፣ የሞተ ሰው፣ የእግር ኳስ ውጤት ይወጣበታል። ጭሮ ማተሚያ ቤት አላስፈለጋትም። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ አግዳሚ ወንበር፣ አለቀ። «አከም ቡልቴ?» ተብሎ በኦሮምኛ ይጀመራል፣ መሐሉ ላይ አማርኛ ይገባል፣ ከሚኤሶ የመጣ ሰው ካለ ሶማሊኛም ጣል ይደረግበታል፣ ማንም «ምን አልክ?» ሲል አልሰማሁም። ወሬው ደግሞ ተራ አለው። መጀመሪያ ሞት። ማን አረፈ፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው፣ አፎቻው ድንኳኑን አውጥቷል ወይ። (አፎቻ ማለት የእኛ እድር ነው፤ ደስታም ኀዘንም ይይዛል።) እዚህ ላይ ብርጭቆ ይቀመጣል፣ ድምፅ ዝቅ ይላል፣ አላህ ይማረው የሚለው ይላል፣ ነፍስ ይማር የሚለው ይላል። ከዚያ ብርጭቆው ይነሳና ዓለም ይቀጥላል።

ይቀጥላል ስል እንዴት መሰላችሁ! ትናንት ማታ ከሂርና በኩል አንድ አይሱዙ ተገልብጦ ሾፌሩ ተርፏል፣ ሽንኩርቱ አልተረፈም። ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ፍየል ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የለችም፣ ያየ። ገለምሶ ጫት ዛሬ ስንት አደረ? አንዱ ስልኩን ያወጣል፣ ይደውላል፣ ዋጋው ከነምክንያቱ ይመጣል፤ ዝናብ ነው፣ መኪና ዘግይቷል፣ አዲስ አበባ በዓል ነው። የትኛው ሰፈር ዛሬ የውሃ ተራው ነው? ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲ አዲስ ተማሪዎች ይገባሉ፣ ስለዚህ የሚከራይ ክፍል ያለው ሰው ዛሬውኑ ኖራ ይቀባ። የእገሌ ልጅ ልታገባ ነው። «ለማን?» «ለዚያኛው!» «ኧረ ወላሂ!» ነገ እነ እገሌ ጉዛ ጠርተዋል፤ ሌላው አገር ደቦ የሚለውን ጨርጨር ጉዛ ይለዋል፣ ማን ይዘምታል፣ ማን ምግብ ይሠራል፣ እዚያው ብርጭቆ ሳይወርድ ተደልድሎ ያልቃል። እኔ የመሥሪያ ቤት ስብሰባ እንዲህ ሲያልቅ አይቼ አላውቅም!

የበለጠ ያስደነቀኝ ደግሞ እርማቱ ነው። አንዱ ሰው የተገለበጠው ሽንኩርት ሳይሆን ድንች ነው አለ። ክርክር ሆነ። አንድ ባለ ባጃጅ አልፎ ሲሄድ ተጠራ፣ ሳይወርድ «ድንች ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ» ብሎ ጋዙን ጠመዘዘ። አለቀ፣ ድንች ሆነ። ከዚያ በኋላ ሽንኩርት የሚል አልነበረም። የአዲስ አበባ ጋዜጠኛ ወዳጆቼ ይኼን አንብቡ!

ታሪክ የምትወዱ ካላችሁ ደግሞ ይኼው ስጦታ። ይህችን አሰበ ተፈሪን መዲናው አድርጎ ጨርጨርን ለሌላው አርአያ የሚሆን አውራጃ ለማድረግ የተነሳው ገዢ ማን ነበር? ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም! ያው ሩሲያ የተማረው፣ «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ጽፎ የአማርኛን ቴአትር የጀመረው፣ የ1923ቱን ሕገ መንግሥት ያረቀቀው፣ በጣሊያን ወረራ ዋዜማ ጄኔቭ የመንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ ኢትዮጵያ የቆመው ሰው። ኋላም እዚያው ሂርና እርሻው ላይ ነው የኖረው። ተክለ ሐዋርያት ሆጃ ይጠጣ ነበር ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ እኔ ግን ሂርና እየኖረ ሆጃ ያልጠጣን ሰው አንጎሌ አይቀበለውም።

ደግሞ ሌላ! ሆጃው ዓይኔን ከፈተውና ያየሁት ሁሉ ሆጃ ሆነብኝ። ጨርጨር የሚጣል ነገር የለም እኮ! ከሰዓት በኋላ ጫት የሚሸጥበት አካባቢ ቁሙና ፍየሎቹን እዩ። ጫቱ ሲመረጥ የሚወድቀው ቅጠልና እንጨት፣ ገራባው፣ መሬት ከመንካቱ አፋቸው ውስጥ ነው። አንዲት ጥቁር ፍየል ከአንድ ገዢ ኋላ ኋላ ስትከተል አየሁ፤ ሲቆም ትቆማለች፣ ሲቀመጥ አጠገቡ ትተኛለች፣ ገራባውን ሲወረውር ቀና ብላ አየር ላይ ትቀልባለች። የእሱ መስላኝ ነበር። ጠየቅሁት፤ «አላውቃትም፣ ሁልጊዜ ትመጣለች» አለኝ።

የሐረር ሰንጋ ሥጋ እያላችሁ አዲስ አበባ ምራቃችሁን የምትውጡትስ? ያ በሬ ሜዳ ላይ ሲንጋለል የኖረ አይደለም። ደጅ ታስሮ፣ አንድ ለአንድ፣ በእጅ እየጎረሰ ነው የሚያድገው። የሚጎርሰውም የማሽላው ማሳ ጥቅጥቅ ብሎ ሲበቅል ለማሳሳት የሚነቀለው ቡቃያ፣ ከአገዳው ላይ የሚሸለቀቀው ቅጠል፣ ከጓዳ የተረፈው ነው። ገበሬው ጥቅጥቅ አድርጎ የሚዘራው እያወቀ ነው፤ ሰው ማሽላውን ይበላል፣ በሬው የማሽላውን ትርፍ ይበላል፣ አዲስ አበባ በሬውን ይበላል። ሆጃም ያው ነው። ይኼን የመሰለ ጥበብ በአንድ መንገድ ዳር ተሰብስቦ ምሳ ብቻ በልተን እናልፋለን!

ፈረንጆቹስ? አቤት ፈረንጆቹ! ስታርባክስ በእነሱ አቆጣጠር 2017 ላይ አሜሪካ ውስጥ ከቡና ገለባ የተሠራ ሽሮፕ ያለበት መጠጥ «ካስካራ ላቴ» ብሎ እንደ ብርቅ አቀረበ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ የደረቀው የቡና ሥጋ ገበያው ላይ መጠጥ ሆኖ እንዲሸጥ የፈቀደው በ2022 ነው። ፈቀደ! ቀይ ባሕርን ተሻግሮ ያሉት የየመን ሰዎች ዝንጅብል ጨምረው ቂሽር እያሉ ሲጠጡት ኖረዋል፤ ሐረርጌ የቡናውን ቅጠል ሳይቀር አምሶ አፍልቶ ቁጢ ብሎ ይጠጣዋል። ለባለሆጃዋ የአውሮፓውን ፈቃድ ነገርኳት። «እስከዛሬ ምን ይጠጡ ነበር?» አለችኝ፤ ሳቅ እንኳ አላለችም፣ ከልቧ አዝናላቸው ነው።

አንድ ቅሬታ ግን አለኝ፣ አልደብቅም። ምሳ ሰዓት ላይ ከአውቶቡስ ወርዳችሁ ትልቁ መንገድ ላይ ያለ ምግብ ቤት ገብታችሁ ሆጃ ብትጠይቁ «ሻይ አለ፣ ማኪያቶ አለ፣ ለስላሳ አለ» ይሏችኋል። ማኪያቶ! ጭሮ ላይ! ሆጃ የቤትና የገበያ ነው ብለው ይመስለኛል፣ ለእንግዳ የሚያፍሩበት። ኧረ አትፈሩ፣ በሜኑ ላይ በትልቁ ጻፉት፣ ዋጋውንም ከማኪያቶው በላይ አድርጉት፣ እኔ እከፍላለሁ!

ለመሄድ ለተነሳ ሰው መንገዱ ቀላል ነው። ከአዋሽ አልፋችሁ በአሰቦት በኩል ሚኤሶ ትደርሳላችሁ። ባቡሩም፣ የዱሮውም አዲሱም፣ ዳገቱን ፈርቶ በዚያው በቆላው በኩል ነው ወደ ድሬዳዋ የሚያልፈው። ሚኤሶ ላይ የሶማሌ እናቶች የግመል ወተት ይሸጣሉ፤ ቅመሱ፣ እሱም ራሱን የቻለ ጉድ ነው፣ ግን ሆዳችሁን አትሙሉ። ከዚያ መንገዱ ይጠማዘዝና ወደ ላይ ይወጣል፣ አየሩ ይቀዘቅዛል፣ ጫትና ማሽላ ግራና ቀኝ ይመጣል። ጭሮ ስትገቡ ረዳቱን «ወራጅ!» በሉት። ምሳ ነው ብሎ ሊያረጋጋችሁ ይሞክራል፤ ቦርሳችሁን ይዛችሁ ውረዱ፣ አልጋ ያዙ፣ በጊዜ ተኙ። ጠዋት አግዳሚ ወንበሩ ላይ ጠጋ ሲሉላችሁ ቁጭ በሉ፣ ከየት እንደመጣችሁ ይጠይቋችኋል፣ እውነቱን ተናገሩ፤ እኩለ ቀን ሳይሆን ከተማው በሙሉ ያውቃችኋልና መዋሸት አይጠቅምም። ጨው ወይስ ስኳር ስትላችሁ ደግሞ፣ አደራ፣ ጨው በሉ።