የተንደርበርድ ቤዝ ጊታር ሚዛን

ጊብሰን እ.ኤ.አ. በ1963 ለገበያ ያቀረበውን የተንደርበርድ ቤዝ ጊታር መልክ የነደፈው ጡረታ የወጣ የመኪና ቅርጽ ነዳፊ፣ ሬይ ዲትሪክ ነው። ገላው ከተለመደው የተገለበጠ ነው፤ በሌሎች ቤዞች ከላይ የሚረዝመው ቀንድ በዚህኛው ከታች፣ በቀጭኑ ክር በኩል ወጥቷል። ገዢዎች አፋቸውን ከፍተው የሚያደንቁት ይህንን ነው፤ ጣጣውም የሚመጣው ከዚሁ ነው።

የቀለሙ ጥራት፣ የፍሬቶቹ ልስላሴ፣ የገመድ መሰኪያው ጥብቀት ማንም የሚያየው ስለሆነ ማብራሪያ አያሻውም። ብዙው ገዢ የሚያልፈው የአንገት መውደቅን ነው። በተለመደው ቤዝ የላይኛው ቀንድ እስከ 12ኛው ፍሬት አካባቢ ይደርሳል፤ ማንጠልጠያውም ከጫፉ ላይ ይያያዛል። የተንደርበርድ የላይኛው ቀንድ ግን አጭር ነው። ኋላ ከተሠሩት በብዙዎቹ የማንጠልጠያው ቁልፍ ጭራሽ ከጀርባ፣ ከአንገቱ ሥር ተተክሏል። ስለዚህ ረዥሙ አንገትና አራቱ መቃኛዎች ወደ ግራ ይጎትታሉ። የተጫዋቹ ግራ እጅ ክር መጫኑን ትቶ አንገት ተሸካሚ ይሆናል፤ ከቦታ ወደ ቦታ ሲሻገር ይዘገያል፣ ድምፁም ይንጫጫል። ሱቅ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጦ መሞከር ይህን ሁሉ ይሸፍናል፤ ጭኑ ይደግፈዋልና። ተቀምጦ የተሞከረ ተንደርበርድ እንዳልተሞከረ ይቆጠራል።

ፈተናው ቆሞ፣ ማንጠልጠያውን ትከሻ ላይ አድርጎ፣ ሁለቱንም እጆች መልቀቅ ነው። አግድም ከቆመ ወይም በዝግታ ትንሽ ዝቅ ካለ ደህና ነው። ወደ መሬት ከተወረወረ አይገዛም። «የዘሩ ጠባይ ነው» የሚለው የሻጭ ማባበያ ተቀባይነት የለውም። መቃኛዎቹን በቀላል መለወጥና የማንጠልጠያውን ቁልፍ ማዛወር ጉድለቱን ያቃልላሉ። ሰፊ የሻካራ ቆዳ ማንጠልጠያ ይደብቀዋል እንጂ አያስወግደውም። ከኋላ እርሳስ መጨመር ደግሞ ትከሻን መቅጣት ነው።

የዘ ሁ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ጆን ኤንትዊስል በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተንደርበርድ ገላን ከፌንደር ፕሪሲዥን አንገት ጋር አጋጥሞ ይጫወት ነበር፤ ያም መሣሪያ ፌንደርበርድ ተባለ። ፎቶውን አይቶ ቅርጹን የሚያወድስ ሰው ኤንትዊስል ገላውን ይዞ አንገቱን እንደተወ ልብ ማለት አለበት።

ድምፁን በተመለከተ፣ የማሆጋኒና የዎልነት አንገቱ በገላው መሐል እስከ ጫፍ ስለሚዘልቅ ኖታው ቶሎ አይሞትም፤ መካከለኛው ድምፅም ወፍራምና ጎርናና ነው። የቀደሙት የጊብሰን ቤዞች የክር ርዝመት 30.5 ኢንች ሲሆን የዚህ 34 ኢንች ነው፤ ወፍራሙ ክር የማይላላው ለዚህ ነው። ሲፈተን የአምፕሊፋየሩ ቁልፎች መሐል ላይ ይሁኑ፣ ፔዳል አይሰካ። ቀጭኑን ክር ከ5ኛው እስከ 7ኛው ፍሬት አንድ በአንድ መትቶ ማዳመጥ ያስፈልጋል፤ ከጎረቤቶቹ ቀድሞ የሚጠፋ ኖታ ካለ ዋጋው ይቀንሳል።

መቃኛዎቹ የተተከሉበት ራስ ወደ ኋላ ያዘነበለ ስለሆነ፣ ጊታሩ ሲወድቅ አንገቱ ከዚያው ሥር ይሰነጠቃል። በጥፍር ሲዳሰስ የሚይዝ መስመር ካለ ተሰብሮ የተጣበቀ ነው፤ ሊጫወቱበት ይቻላል፣ በጤነኛው ዋጋ ግን አይገዛም። በ1965 የወጣው ዓይነት የላይኛው ቀንዱ ረዝሟል፣ አንገቱም ከገላው ጋር በሙጫ የተያያዘ ነው። ሰብሳቢዎች ከቀዳሚው ዝቅ አድርገው ያዩታል፤ ትከሻ ላይ ሲንጠለጠል ግን ይሻላል።