የፓምፕና የተርባይን ኃይል ስሌት አቀራረብ በፍራንክ ኋይት የፈሳሽ ሜካኒክስ መጽሐፍ

በሮድ አይላንድ ዩኒቨርሲቲ የምሕንድስና ፕሮፌሰር የነበሩት ፍራንክ ኋይት ያዘጋጁት «ፍሉይድ ሜካኒክስ» የተሰኘው መጽሐፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1979 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ በየጊዜው እየታረመ በተደጋጋሚ ወጥቷል። የዚህ ሒስ ዓላማ መጽሐፉን በሙሉ መመርመር ሳይሆን፣ በአንድ የቧንቧ መስመር ውስጥ ፓምፕ የሚጨምረው ወይም ተርባይን የሚወስደው ኃይል እንዴት እንደሚሰላ የሚያስተምርበትን መንገድ ከመምህሩ አኳያ ማየት ነው።

በመሠረቱ ስሌቱ አጭር ነው። የውኃው ክብደት በአንድ ሜትር ኩብ፣ በሰከንድ የሚያልፈው የውኃ መጠንና ማሽኑ የሚጨምረው ወይም የሚወስደው የዓምድ ከፍታ በሜትር ተለክቶ አንድ ላይ ሲባዙ ኃይሉ በዋት ይገኛል። ችግሩ ያለው በማባዛቱ ላይ ሳይሆን የዓምዱን ከፍታ በትክክል በማግኘቱ ላይ ነው። በዚህ ረገድ ፕሮፌሰር ኋይት የተከተሉት ሥርዓት ሊመሰገን ይገባዋል። በመግቢያው በኩል የግፊት፣ የፍጥነትና የቦታ ከፍታ ድምር ይቀመጣል፤ በመውጫው በኩል ደግሞ ተመሳሳዩ ድምር ተቀምጦ የተርባይኑና የሰበቃው ከፍታ ይደመሩበታል፣ የፓምፑ ይቀነስበታል። ሦስቱም ምንጊዜም አዎንታዊ ቁጥር ስለሆኑ ተማሪው በምልክት አይደናገርም። አንድን ማሽን «አሉታዊ ፓምፕ» እያሉ ተርባይን ከሚያደርጉት አቀራረቦች ይልቅ ይህ እጅግ የተሻለ ነው።

ይሁን እንጂ የምዕራፎቹ አደረጃጀት መምህሩን ለስሕተት የሚያጋልጥ ነው። የኃይል ስሌቱ በምዕራፍ 3 ይጀመራል፤ የቧንቧ ሰበቃ በምዕራፍ 6 ይመጣል፤ የፓምፕና የተርባይን ጠባይ ግን እስከ ምዕራፍ 11 ይቆያል። ስለሆነም በምዕራፍ 3 ሰበቃው እንደ ተሰጠ ቁጥር ይቀርባል። ጊዜ አጥሮት ከዚያ የሚያቆም መምህር የሚያወጣው ተማሪ፣ የሰበቃ ኪሣራ ከጥያቄው ወረቀት ላይ የሚገኝ ነገር ይመስለዋል። በሥራ ላይ ግን ማንም አይሰጠውም።

ምን ያህል እንደሚያሳስት በምሳሌ ቢታይ ይሻላል። ለአንዲት አነስተኛ ከተማ በሰከንድ 10 ሊትር ውኃ፣ 60 ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለ ማጠራቀሚያ መድረስ አለበት እንበል። ቧንቧው 1200 ሜትር ርዝመትና 100 ሚሊ ሜትር የውስጥ ዲያሜትር ያለው ሲሆን የሰበቃው መለኪያ 0.02 ነው። ውኃው በሰከንድ 1.27 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ሰበቃው ወደ 20 ሜትር የሚጠጋ ከፍታ ይበላል። ስለዚህ ፓምፑ የሚሸከመው 60 ሳይሆን 80 ሜትር ነው፤ ለውኃው የሚሰጠውም ኃይል 7.8 ኪሎ ዋት ያህል ይሆናል። የፓምፑ ብቃት 65 በመቶ ቢሆን ከሞተሩ የሚፈለገው 12 ኪሎ ዋት ነው። ሰበቃውን የረሳና በብቃቱ ማካፈል ሲገባው ያባዛ ተማሪ ግን 3.8 ኪሎ ዋት ብሎ ይጽፋል። መልሱ ከሚፈለገው ሢሶ እንኳ አይሞላም፤ ነገር ግን በንጹሕ ወረቀት ላይ ሲታይ ምንም አያስጠረጥርም።

የማባዛትና የማካፈሉ ነገር በቃል ጥናት የሚፈታ አይደለም። ፓምፕ ከሞተር ተቀብሎ ለውኃ ይሰጣል፤ ኪሣራው ከመስጠቱ በፊት ስለሚደርስ ሞተሩ ከውኃው የበለጠ መክፈል አለበት፤ ስለዚህ ይካፈላል። ተርባይን ከውኃ ተቀብሎ ለዘንግ ይሰጣል፤ የሚደርሰው ያነሰ ስለሆነ ይባዛል። መምህሩ ተማሪውን «ማን ሰጪ፣ ማን ተቀባይ ነው?» ብሎ ቢጠይቀው ይበቃል። በዕለት ተዕለት አማርኛ «ኃይል» የሚለው ቃል በፊዚክስ የተለያዩ ሦስት ነገሮችን ስለሚሸከም፣ እዚህ ላይ የሚነገረው በሰከንድ የሚሠራ ሥራ መሆኑ አስቀድሞ መገለጽ አለበት።

ለፕላን ባለሙያዎች ከዚሁ ምሳሌ የሚበልጥ ጉዳይ አለ። ቧንቧው ለዋጋው ሲባል ወደ 80 ሚሊ ሜትር ቢጠብብና የሰበቃው መለኪያ እንዳለ ቢቆይ፣ ኪሣራው በዲያሜትሩ አምስተኛ ርቢ ስለሚያድግ ከ20 ወደ 60 ሜትር ይወጣል። ሰበቃው የዳገቱን ያህል ሆነ ማለት ነው። ሞተሩም ከ12 ወደ 18 ኪሎ ዋት ያድጋል፤ ትርፍ የኤሌክትሪክ ወጪውም ፓምፑ እስከ ሠራ ድረስ በየሰዓቱ ይከፈላል። ይህ በምዕራፍ 6 ውስጥ ቢገኝም፣ ከምዕራፍ 3 ጥያቄ ጋር ተያይዞ ካልተሠራ ማንም አያየውም። ስለሆነም አንድ ጥያቄ በሦስቱም ምዕራፎች ሦስት ጊዜ ቢሠራ ይመረጣል፦ መጀመሪያ ሰበቃው ተሰጥቶ፣ ቀጥሎ ከቧንቧው ተሰልቶ፣ በመጨረሻም ከፓምፑ የጠባይ መሥመር ጋር ተገናዝቦ።

በመጽሐፉ የእንግሊዝ መለኪያዎች ከሜትሪክ ጋር መደባለቃቸው ለአሜሪካ ተማሪ ሊጠቅም ይችላል፤ ለኢትዮጵያ ተማሪ ግን ሸክም ነው፤ የፉትና የፓውንድ ጥያቄዎችን መዝለል አይጎዳም። በምትኩ በአገር ውስጥ ያለ ምሳሌ ይገኛል። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ግልገል ጊቤ ሁለት፣ ከግልገል ጊቤ አንድ የሚወጣውን ውኃ 26 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚረዝም ዋሻ ወስዶ 500 ሜትር ያህል በማውረድ 420 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ነው። ተማሪው ጠቅላላ ብቃቱን 85 በመቶ አድርጎ ቢገምት፣ በሰከንድ 100 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ እንደሚያስፈልግ ወደ ኋላ ቆጥሮ ያገኘዋል።

ሌላው መምህሩ ከራሱ የሚጨምረው ነገር የአየር ግፊት ነው። መጽሐፉ ፓምፕ ውኃን ከታች ስቦ ስለሚያነሣበት ወሰን በምዕራፍ 11 ያስረዳል። በባሕር ጠለል ላይ የአየር ግፊት 10.3 ሜትር የውኃ ዓምድ ይሸከማል፤ በአዲስ አበባ ከፍታ ግን የሚሸከመው 7.8 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በወደብ ከተማ 7 ሜትር ስቦ በደኅና የሚሠራ ፓምፕ፣ የቧንቧው ሰበቃና የውኃው ትነት ሲታከሉበት፣ እዚህ በዚያው ጥልቀት ላይ ተተክሎ ውኃ ላያወጣ ይችላል፤ የሞተሩ ኃይል ቢጨመርለትም ያው ነው።