«ጋዝ»፣ «ተን» እና «እንፋሎት»፤ በስያሜ አመራረጥ ላይ የቀረበ ሂስ

ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በሳጉሬ፣ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአማርኛ ይሰጥ በነበረበት ዘመን፣ አንድ ተማሪ «ጋዝ ሲቀዘቅዝ ወደ ፈሳሽነት ይለወጣል» የሚል ዓረፍተ ነገር ቢያነብ ምን ይረዳ ነበር? በቤቱ «ጋዝ» ማለት ከሱቅ በጠርሙስ የሚገዛው ላምባ ነው። ፈሳሽ እንደገና እንዴት ፈሳሽ ይሆናል? ጥፋቱ የተርጓሚው ነው፤ ቃሉን ሲዋስ አስቀድሞ በሌላ ፍች ወደ ቋንቋው መግባቱን ልብ አላለም። ዛሬ የሳጉሬ ልጆች በአብዛኛው በኦሮምኛ ቢማሩም የአማርኛው ስያሜ ጉድለት አልታረመም።

«እንፋሎት»ም ሌላ ስሕተት አስከትሏል። ከጀበና አፍ የሚወጣው ነጭ ነገር እውነተኛ ተን አይደለም፤ ቀዝቃዛ አየር ሲያገኘው ወደ ጥቃቅን ጠብታ የተመለሰ ውሃ ነው። ተኑ ከጀበናው አፍ አጠገብ፣ ባዶ በሚመስለው ቦታ ያለው፣ ዓይን የማያየው ነው። ስለዚህ የማይታየውን «ተን»፣ የሚታየውን «እንፋሎት» ብሎ መለየት ይገባል። አንዳንድ ጸሐፊዎች ግን ሁለቱን ለአነጋገር ውበት ሲሉ ያቀያይሯቸዋል፤ በሳይንስ ጽሑፍ ይህ ውበት አይደለም።

«መፍላት»ን በተመለከተ ጠጅም ቡናም በአንድ ግስ መፍላታቸው የታወቀ ነው። «ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል» የሚለው ትርጉም ግን «በባሕር ወለል ከፍታ» የሚለውን ሲዘነጋ ሐሰት ይሆናል፤ በሳጉሬ ደጋ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነውና።

«መትነን» የተሳካ ቃል ነው። ሳይፈላ በፀሐይ የሚደርቀውን ልብስም ያካትታል። ችግሩ የመልሱ ጉዞ ነው። አረቄ አውጪዋ ተኑን በመቃ አሳልፋ በውሃ በቀዘቀዘ ዕቃ ስትቀበል «ወጣ» ትላለች እንጂ ለለውጡ ለብቻው ስም አትሰጥም። በበኩሌ የአክንባሎውን «ላቦት» ለስያሜነት አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ላብ ከውስጥ የሚወጣ በመሆኑ ተማሪው ውሃው በክዳኑ ውስጥ አልፎ የመጣ ይመስለዋል። ከጤዛ የተቀዳው «መጤዝ» በጭላሎ ግርጌ በማለዳ ሣር ላይ የሚታየውን ያስታውሳል፤ የጤዛው ውሃም ከአየሩ የመጣ ነው። ጠባብ ቢመስልም አያሳስትም፤ መዝገበ ቃላቱ ይህን ቢይዝ እመርጣለሁ። በዚያው «ጋዝ» የሚለው መግቢያ ላምባ የሚለውን ፍች አስቀድሞ ይጥቀስ።