ለሚያልፍ ጥበብ የሚመለስ ተመልካች

በቅርቡ በአንድ ምሽት ከመርካቶ ተነሥተን፥ አምስት ሆነን፥ የዘመናዊ ውዝዋዜ ትርኢት ለማየት ወደ አንድ አዳራሽ ወርደን ነበር። ከመካከላችን አንዱ የሸማ ተራ ነጋዴ፥ አንዱ ልብስ ሰፊ፥ ሁለቱ አስተማሪዎች ናቸው፤ አምስተኛው ይህን ብዕር የያዘው ነው። በትርኢቱ መካከል ሙዚቃው በድንገት ዝም አለ። ተወዛዋዡም ቀኝ ትከሻውን ወደ ላይ እንደ ሰቀለ፥ አንገቱን ወደ ግራ እንዳዘነበለ፥ ሳይነቃነቅ ቆሞ ቀረ። ጥቂት እንደ ቈየ ከበስተኋላችን የተቀመጠ ሰው «ሙዚቃው ተበላሸባቸው» አለና በአካባቢው ያሉት ሁሉ ሣቁ። አንዳንዱም ስልኩን አውጥቶ ይመለከት ጀመር። በዚህ ጊዜ ልብስ ሰፊው ወዳጃችን ክንዳችንን ያዝ አድርጎ «ትከሻውን እዩት፤ ገና አላወረደውም» አለን። እውነትም አላወረደውም ነበር። ትከሻው ሊወርድ ሲል ይቀራል፤ ትንፋሹ ደረቱ ላይ ደርሶ ይመለሳል፤ አሁን እስክስታው ሊጀመር ነው ስንል አይጀመርም። የዚያ ምሽት ትርኢት ፍሬ ነገሩ በዚያ ባልወረደ ትከሻ ውስጥ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

ይህን የምናነሣው በሣቁት ሰዎች ላይ ለመፍረድ አይደለም። የሚያስደንቀን ሌላ ነገር ነው። ልብስ ሰፊው ወዳጃችን ባሌት ስለሚባለው ጥበብ ከማንም አልተማረም፤ አንድም መጽሐፍ አላነበበም። ነገር ግን ዐርባ ዓመት ሙሉ በየሰርጉ፥ በየመስቀሉና በየጥምቀቱ ትከሻ ሲመለከት የኖረ ሰው ነው፤ በሥራውም ቢሆን ትከሻ ሲለካ ይውላል። ሌሎቹ ዝምታ ብቻ ባዩበት ቦታ እርሱ የተጀመረና ያልተፈጸመ ነገር አየ። እንግዲህ የአገራችን ተመልካች ዓይን የለውም የሚሉትን ሰዎች አንቀበላቸውም።

እንዲያውም በአዲስ ከተማ የኖረ ሰው ይህን ዓይን ሳይወድ በግድ ያገኘዋል። ከየአገሩ የመጣ ነጋዴና ወዛደር በአንድ መንደር ጎን ለጎን ስለሚኖር፥ በአንድ የሰርግ ድንኳን ውስጥ ብዙ ዓይነት ጭፈራ ይታያል። ጉራጌው በእግሩና በክንዱ ጥድፊያ ይጫወታል፤ አንዱ ትንፋሽ ሲያጥረው ሌላው ይተካዋል እንጂ ጨዋታው አይቋረጥም። ትግሬው ከበሮውን እየዞረ በዝግታ ይጀምርና በመጨረሻ ትከሻውን ያፈጥነዋል። የወሎው ሰው አንገቱን ከትከሻው ለይቶ ያጫውታል፤ ጎጃሜው ደረቱን እንደ ወንፊት ይነፋዋል። አጠገባቸው የቆመው ሁሉ ተመልካች ሳይሆን ባለ ድርሻ ነው። አጨብጫቢው ጨዋታው ካላማረው ጭብጨባውን ቀዝቀዝ ያደርጋል፤ ተጫዋቹም ወዲያው ይገባዋል። ሲያምር ደግሞ እልልታው ከሌላ አቅጣጫ ይመጣል። በጋዜጣ ከሚወጣው ሂስ ይልቅ ይህ የፈጠነና የማያዳላ ነው፤ የእኛንም ጽሑፍ ጨምረን ነው የምንናገረው።

ነገሩ የተለወጠው ጭፈራው ወደ አዳራሽ በገባ ጊዜ ነው። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር፥ በ1948 ዓ.ም. ለብር ኢዮቤልዩው በዓል የተከፈተውና ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ቴአትር፥ በመርካቶም በኩል ከሲኒማ ቤትነት ወደ ቴአትርነት የተሸጋገረው ራስ ቴአትር፥ ለውዝዋዜ የማይናቅ አገልግሎት አድርገዋል። ያለ እነርሱ የጎጃሙን ለወላይታው፥ የጋሞውን ለጎንደሬው ማን ባሳየው ነበር? ሆኖም ከመድረኩ ስፋትና ከሰዓቱ ማጠር የተነሣ አንድ ልማድ ተተከለ። ይኸውም እያንዳንዱን ጭፈራ በሁለትና በሦስት ደቂቃ አሳጥሮ፥ ልብስ እየለወጡ አንዱን በሌላው ላይ ማከታተል ነው። በ1980 ዓ.ም. አውሮፓንና አሜሪካን የዞረው «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው ታላቅ ጉዞ ይህን አቀራረብ በክብር ካጸኑት አንዱ ነው። በውጭ አገር ላለ እንግዳ አቀራረቡ ተገቢ ነበር፤ እንግዳ ሰው በአንድ ምሽት ሁሉን ማየት ይፈልጋልና። እኛ ግን በገዛ አገራችን እስከ ዛሬ ድረስ እንደ እንግዳ እየታየን፥ ወይም ራሳችንን እንደ እንግዳ እያየን ተቀመጥን።

ከዚህ የጠፋው ምንድር ነው? በመጀመሪያ ፊት ለፊት መተያየት ጠፋ። በእስክስታ ሁለቱ ተጫዋቾች የሚተያዩት እርስ በርሳቸው ነበር፤ በመድረክ ሁሉም ተሰልፈው የሚያዩት ተመልካቹን ነው። ዝግታም ጠፋ፤ ወደ ፍጥነቱ የሚያደርሰው መንገድ ተቆርጦ ፍጥነቱ ብቻ ቀረ። ተመልካቹም የሚያጨበጭበው ሲፈጥን ብቻ መሆኑን ተማረ። የዚያን ምሽት የሣቁት ሰዎች የተማሩትን ነው ያደረጉት። ዘመናዊ ተብሎ የሚነቀፈው ያ ወጣት ተወዛዋዥ፥ እንደ እኛ አስተያየት፥ ከዘመናዊነቱ ይልቅ ወደ አሮጌው ሰርግ ቤት የቀረበ ነበር፤ የተቆረጠውን ዝግታ መልሶ ማምጣቱ ነውና።

በሌላው ዓለም ስለ ውዝዋዜ የሚያብዱ ሰዎች እንዳሉ የታወቀ ነው። በመስኮብ አገር ለእነዚህ ሰዎች «ባሌቶማን» የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ማሪያ ታልዮኒ የተባለችው ስመ ጥር የባሌት ተወዛዋዥ እ.ኤ.አ. በ1842 ከፒተርስበርግ ስትሰናበት ወዳጆቿ ጫማዋን ገዝተው፥ አስቀቅለው፥ በስጎ በልተውታል እየተባለ ይወራል። እውነት ይሁን ተረት ለወሬኞቹ እንተወዋለን፤ የሸማ ተራው ወዳጃችን ይህን ሲሰማ የጠየቀው የጫማውን ዋጋ ብቻ ነው። ከቀልዱ በስተጀርባ ግን ቁም ነገር አለ። እነዚያ ሰዎች አንዱን ሥራ ዐሥር ጊዜ፥ ሃያ ጊዜ ተመልሰው ያዩ ነበር። የትናንትናዋን ተወዛዋዥ ከዛሬዋ ጋር ያስተያዩ፥ በየቤታቸውም ይከራከሩ ነበር። አንድ ጥበብ ወዳጅ አለው የሚባለው ጫማ በመብላት ሳይሆን እንዲህ ባለው መመላለስ ነው።

የዚህን ጥቅም የሚያስረዳ አንድ ታሪክ እንጨምር። ኒዢንስኪ ለስትራቪንስኪ ሙዚቃ ያዘጋጀው «የጸደይ መሥዋዕት» የተባለው ባሌት እ.ኤ.አ. ግንቦት 29 ቀን 1913 በፓሪስ ሲታይ አዳራሹ በጩኸት ታወከ፤ የተወዛዋዦቹን እግር የሚመራው ሙዚቃ እስከማይሰማ ድረስ ሆነ። ባሌቱ በዚያው ዓመት በፓሪስና በለንደን ጥቂት ጊዜ ታይቶ ቀረ። ከሰባት ዓመት በኋላ እንደገና ለማሳየት ሲታሰብ አካሄዱን አሟልቶ የሚያስታውስ ሰው ስላልተገኘ፥ በሌላ ሰው እጅ አዲስ ተሠራ። ሙዚቃው በወረቀት ስለ ተጻፈ ዳነ፤ ውዝዋዜው ግን ከሰው አካል በቀር ሌላ ማኅደር ስላልነበረው ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1987 በአሜሪካ የጆፍሪ ባሌት ሲያስነሣው የረዳው ምን ነበር? ማሪ ራምበርት የተባለችው የኒዢንስኪ ረዳት በሙዚቃው ወረቀት ላይ የጻፈችው ማስታወሻ፥ ቫለንቲን ግሮስ የተባለች ሠዓሊ በአዳራሹ ተቀምጣ የነደፈቻቸው ሥዕሎች፥ ያዩት ሰዎችም ቃል ነበር። እንግዲህ ሥራውን ያዳነው በከፊል ተመልካቹ ነው።

የእኛንስ ማን ጻፈልን? እ.ኤ.አ. በ1965 ጊዮርጊ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ የተባሉ የሀንጋሪ ሊቃውንት ወደ ኢትዮጵያ መጥተው ዘፈንና ጭፈራ መዝግበዋል። ቲቦር ቫዳሺ የተባለው የአገራቸው ሰው ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ ጭፈራ ያዘጋጃቸው ጥናቶች ከ1970 ጀምሮ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ወጥተዋል። ምስጋና ይገባቸዋል። ነገር ግን የትከሻን ነገር ለማወቅ ከቡዳፔስት የመጣ ሰው የጻፈውን መፈለጋችን ጥቂት ሊያሳፍረን ይገባል፤ ያውም አንድ ልብስ ሰፊ በአንድ ዐረፍተ ነገር ሊነግረን ሲችል።

የዘመናዊው ውዝዋዜ ታሪክ ከዚህ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ የውዝዋዜ አዘጋጅ ወደ አዲስ አበባ መጥቶ፥ ከመቶ በላይ ከሆኑ የጎዳና ልጆች ጋር በካርል ኦርፍ ሙዚቃ «ካርሚና ቡራና»ን አቀረበ። ያመጣው መንታ ልጆች ላሏቸው ድኻ ቤተ ሰቦች የሚረዳው የጀሚናይ ድርጅት ነበር። ከልጆቹም የተመረጡት ለአምስት ዓመት ሠልጥነው «አዱኛ» የተባለውን የዳንስ ቴአትር መሠረቱ። ስሙ ለድኻ ልጆች የተሰጠ መሆኑን ስናስብ፥ ስም አውጪው ቀልድም ተስፋም የሚያውቅ ሰው ነበር እንላለን። በኋላም አዳም ቤንጃሚን የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ መጥቶ የአካል ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው ወጣቶች በአንድነት የሚወዛወዙበትን ሥራ ከአዱኛ ጋር አቋቋመ። ከአዱኛ ልጆች አንዱ ጁነይድ ጀማል ሰንዲ እ.ኤ.አ. በ2004 በሮሌክስ ፕሮግራም ተመርጦ የታወቀው ጃፓናዊ የሳቡሮ ቴሺጋዋራ ደቀ መዝሙር ሆነ። በ2009 ጁነይድና ባልንጀራው አዲሱ ደምሴ በለንደን ሳድለርስ ዌልስ መድረክ ላይ ታዩ፤ በ2014 ደግሞ ሁለቱ በአዲስ አበባ ዴስቲኖ የተባለውን የዳንስ ጓድ አቋቋሙ።

ማልዱም እ.ኤ.አ. በ2003 በበርሊን ሁለት መቶ ኀምሳ ያህል የከተማው ልጆችን ሰብስቦ ያንኑ «የጸደይ መሥዋዕት» ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ጋር አቀረበ። ሥራው በፊልም ተቀርጾ በሚከተለው ዓመት ዓለም ሁሉ አየው፤ ጀርመኖችም እስከ ዛሬ ያነሡታል። ከዚያ ሰባት ዓመት አስቀድሞ በእኛ ከተማ የእኛ ልጆች ስላደረጉትስ ማን ይናገራል? እኛ በመርካቶ ካነጋገርናቸው መካከል «አየሁት» የሚል አንድ ሰው ስንኳ አላገኘንም። ከእነዚያ ልጆች ምናልባት አንዱ ምናለሽ ተራ ቁራጭ ብረት ሲለቅም ውሎ ማታ ይለማመድ እንደ ነበር ማን ያውቃል? ጥበቡ ከዚህ ተወለደ፤ ወዳጆቹ ግን የተሰበሰቡት በሌላ አገር ሆነ።

ጥፋቱን ሁሉ በተመልካቹ ላይ ለመጫን አንፈልግም። ስሙን የማንጠቅሰው አንድ አዘጋጅ ስድስት ወር የተለፋበትን ሥራ ለአንድ ምሽት ብቻ አሳይቶ ዘጋው። የተወዛዋዦቹን ስም የያዘ ወረቀት እንኳ አላሳተመም፤ በማግስቱ ተመልሰን ስንጠይቅ ዘበኛው «ትናንት ነበረ» ብሎ ሸኘን። ሁለተኛ የማይታይ ነገር ሁለተኛ የሚመጣ ተመልካች ሊያፈራ አይችልም። ይህ የማይቀር ዕጣ እንዳልሆነ ግን በካዛንቺስ የነበረው የመላኩ በላይ ፈንድቃ አሳይቶናል። በዚያ ጠባብ የአዝማሪ ቤት ያው ሰው በየሳምንቱ ይመላለስ ነበር። መላኩ ዛሬ ከባለፈው ዓርብ የተለየ ምን እንዳደረገ የሚያውቁ፥ ሲደክመው የሚያስተውሉ፥ ሲያታልልም የሚይዙት ሰዎች ነበሩ። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርስ ፈንድቃም ከቦታው ተነሣ። ሕንጻ በሌላ ስፍራ ይሠራል፤ ያንን የተመላላሽ ጉባኤ መልሶ መሰብሰብ ግን ከሕንጻው ይልቅ ይከብዳል ብለን እንሠጋለን።

እኛ አምስታችን ከሁለት ዓመት ወዲህ ከመርካቶ የተገዛ አንድ ትልቅ የሒሳብ መዝገብ አለን። ከትርኢት ስንመለስ ከሸማ ተራ አጠገብ ባለ ሻይ ቤት ተቀምጠን፥ ቀኑን፥ አዳራሹን፥ የተወዛዋዦቹን ስም ካገኘነው፥ ከዚያም እያንዳንዳችን ያየነውን እንጽፍበታለን። ገቢና ወጪ በሚለው ዓምድ ላይ መጻፋችን ለነጋዴው ዘወትር ያስቀዋል። ልብስ ሰፊው መጻፍ ስለማይወድ እርሱ ይናገራል፥ ከአስተማሪዎቹ አንዱ ይጽፍለታል።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት አንዲት ወጣት ተወዛዋዥ ስለ መዝገቡ ከሰው ሰምታ ወደ ሻይ ቤቱ መጣች። ባለፈው ዓመት ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ያዘጋጀችውን ሥራ እንደገና ልታነሣው ፈልጋለች፤ ጓደኛዋ ግን ወደ ውጭ አገር ሄዳለች፥ የተቀረጸበት ስልክም ጠፍቷል። ሦስተኛው ክፍል ላይ ጓደኛዋ ወደ የት እንደ ዞረች እርስዋ አላስታወሰችም፤ ጀርባዋን ሰጥታት ነበርና። መዝገቡን ገልጠን ፈለግን። ነጋዴው «ወደ ግድግዳው ዞረች» ይላል። አስተማሪው «አልዞረችም፥ ተንበረከከች» ብሎ ጽፏል። ልብስ ሰፊው ደግሞ «ልትዞር ጀምራ ተወችው፤ ግራ ትከሻዋ ብቻ ሄደ» ብሎ አስጽፏል። በዚያው ምሽት በዚህ ነገር የተነሣ ተጣልተን ሻይ ሳንጨርስ መለያየታችንም በግርጌው ተጽፎ ተገኘ። ልጅቷ ከቦርሳዋ እርሳስ አወጣችና ሦስቱንም ገለበጠች፤ ከዚያም ልብስ ሰፊውን «አባባ፥ ትከሻው የሄደው በየትኛው ምት ነው?» ብላ ጠየቀችው። እርሱም መነጽሩን አውልቆ፥ በጠረጴዛው ላይ በጣቱ እየመታ፥ ይቆጥርላት ጀመር።