«የእብድ ውሻ በሽታ» የሚለው ስያሜ ሲመዘን

የሙያ ቃል ብቃት የሚለካው ሰሚውን ወደ ትክክለኛው ነገር በመምራቱ ነው። «የእብድ ውሻ በሽታ» የሚለውን የቆየ ስያሜ በዚህ ሚዛን ስናየው ከፊሉ ይጸናል፤ ከፊሉ ግን ይጎድላል።

በመተማና በምዕራብ ጎንደር ቆላ ውሻ የበረትና የእርሻ ሰፈር ጠባቂ ነው። ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ ከደጋ የሚወርደው የቀን ሠራተኛም ጠባዩን ከማያውቀው ውሻ ጋር ይሰነብታል። በዚህ ስፍራ የአንድ ቃል ፍቺ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። ስያሜው «እብድ» ስለሚል ሰሚው የሚጠብቀው እየተክለፈለፈ ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ውሻ ነው። ይሁን እንጂ ቫይረሱ በነርቭ ተጉዞ አንጎል ሲደርስ ሁልጊዜ በቁጣ አይገለጥም። በሁለተኛው ዓይነት ውሻው ይደነዝዛል፤ መንጋጋው ይወድቃል፤ ምራቁን መዋጥ ይሳነዋል። ባለቤቱም አጥንት የተሰነቀረበት መስሎት እጁን ወደ አፉ ይሰዳል። ያ ውሻ በስያሜው መሠረት «አላበደም»፤ ገዳይነቱ ግን ከቁጡው አያንስም።

ስሕተቱ በተቃራኒውም አለ። የኩፍኝና የከብት ደስታ ቫይረሶች ዘመድ የሆነው ዲስቴምፐር አንጎልን ሲያጠቃ ውሻው ይንፈራገጣል፤ ጡንቻው ይንዘፈዘፋል፤ ያየውም «አበደ» ሊለው ይችላል። ሁለቱም በሽታዎች በሀገራችን አሉ፤ በባሌ ተራሮች ቀይ ቀበሮዎችን እ.ኤ.አ. በ2003 የመጀመሪያው፣ በ2010 ሁለተኛው ፈጅቷቸዋል። ሕክምናቸው ግን አንድ አይደለም። ለዲስቴምፐር ቫይረሱን የሚያጠፋ የተረጋገጠ መድኃኒት ባይኖርም፣ እንደ ፌኖባርቢታል ያለ የመንፈራገጥ ማስታገሻ፣ ፈሳሽና እንክብካቤ የተሰጠው ውሻ ሊተርፍ ይችላል፤ መንዘፍዘፉ ግን ብዙ ጊዜ አብሮት ይቀራል። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክት የታየበት ውሻ ሕክምና የለውም። ሐኪም እስኪለየው ድረስም የተጠረጠረውን ሁሉ እንደ አደገኛው መቁጠር ይገባል።

«ደስታም ከነገሩ ጋር አይስማማም፤ ግን ኖሯል» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ከምድር መጥፋቱ የታወጀው የከብት ዕልቂት በዚህ ስም ሲጠራ ኖሯል። ሆኖም «ደስታ» የበሽታውን ምልክት አይናገርም፤ ስለዚህ አያሳስትም። «እብድ» ግን ምልክት ይናገራል፤ የሚናገረውም ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው።

«የእብድ ውሻ መድኃኒት» የሚለው አነጋገርም መታረም ይገባዋል። የሥራሥር መድኃኒትንና ክትባትን በአንድነት ይጠራልና። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በውሃ ለ15 ደቂቃ አጥቦ ወደ ጤና ተቋም ሲሄድ የሚሰጠው ክትባት ነው፤ ክትባቱም የሚያድነው ምልክት ሳይታይ ከተጀመረ ነው። «ልክፍት» የሚለው ቃልም መንፈስን ስለሚያሳስብ ለዚህ ፍቺ አይበጅም።

«ሬቢስ» የሚለው የውጭ ቃል ለአማርኛ ሰሚ ከዚህ ጉድለት የጸዳ ነው፤ ግን ለገበሬው እንግዳ ነው። ስለዚህ ነባሩ ስም ይቆይ፤ ፍቺው ግን «ቁጡ» እና «ድንዙዝ» የሚባሉትን ሁለቱን ዓይነቶች ይዘርዝር እንላለን። ለሁለተኛው በሽታ ደግሞ «ዲስቴምፐር» ተለይቶ ይመዝገብ። ዝም ያለ ውሻም ሊገድል እንደሚችል የማይናገር ፍቺ፣ በመዝገበ ቃላት ቢገባም ሥራውን አልፈጸመም።